ያልተነካው መደብ

ባቄላው ሊያብብ ደርሷል። ከሁለቱ መደቦች በአንደኛው የተዘራው ባክቴሪያ የተቀባ ዘር ነው፤ ሁለተኛው ለማነጻጸሪያ እንዲሁ ተዘርቷል። ባክቴሪያው በአፈሩ ውስጥ እየኖረ በሥሩ ላይ እባጮች ያወጣል፤ በእባጮቹም ውስጥ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ቀይ ፕሮቲን ይሠራል። እባጩ ሲሰነጠቅ ቀይ ከሆነ ተክሉ ምግቡን ከአየር እያገኘ ነው፤ ነጭ ከሆነ ይገረጣል። ተመራማሪዋ በቤተ ሙከራ ያየችው ልዩነት ማሳ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፍቶባታል። ዘንድሮም ካጣችው ጥናቱ እንደሚዘጋ ደብዳቤ ደርሷታል።

ከመጀመሪያው መደብ መቶ እባጮች በምላጭ ሰነጠቀች። ሰማንያ ስምንቱ ቀይ ሆኑ።

«እሰይ ዶክተርዬ! ደም እኮ ነው የሚመስለው!» አሉ ዘበኛው ጋሽ ወልደየስ።

«ገና ነው ጋሼ። ያኛው ነጭ ከሆነ ነው የምንደሰተው።»

«እሱማ ምን በወጣው ነጭ ይሆናል!» ብለው ሳቁ። «አንዱን ልጅ አብልቶ ሌላውን ጦም ማሳደር የት አገር ያለ ነው? ገርጥቶ ሳየው አንጀቴን በላው። አንቺ ከተማ ስትገቢ ከዚህኛው አፈር በባልዲ እየዛቅሁ አለብሰዋለሁ።»

«በየዓመቱ?»

«አንድም ዓመት አላጓደልኩበት!»

ወደ ማነጻጸሪያው መደብ ተሻግራ ተንበረከከች። አፈሩን በጣቷ ፈልፍላ ሥሩን አወጣች፤ በደንቡ መሠረት መቶ እባጮች ቆጥራ አንድ በአንድ ሰነጠቀች።

ሰማንያ ሰባቱ ቀይ ነበሩ።