ኒውትሮኗ

በርሜል የሚሉት ልጅ እንደገና ወንድሟን ጎኑ ላይ በክርኑ ይለዋል። እሷ መሀላቸው ቆማ በአንድ እጇ የበርሜልን፣ በሌላው የወንድሟን ሹራብ ጨምድዳ ይዛለች። እንዳትለቂ ተብላለች።

የቲቸር ሥራ ነው። ሞዴል የለንም ብለው ስድስት ልጅ አስነሡና፣ በየሹራባቸው ላይ በጠመኔ ጽፈው ሂሊየም አደረጓቸው። በርሜልና መንታ ወንድሟ ፕሮቶን ናቸው፤ ደረታቸው ላይ የመደመር ምልክት አለ። እሷና አንዲት ጭምት ልጅ ኒውትሮን ናቸው፤ ዜሮ። ሁለት ልጆች ደግሞ ኤሌክትሮን ተብለው ክፍሉን ይዞራሉ። ያ ሁሉ ተማሪ ተቀምጦ እነዚህን ሁለቱን አንድ ኒውክለስ ውስጥ መክተት ምን የሚሉት ነው? ፕሮቶንና ፕሮቶን ይገፋፋሉ ብለው ያስተማሩት እኮ ራሳቸው ናቸው።

ሁለቱ ባለፈው ተፈነካክተዋል። ዳይሬክተሩ ወንድሟን፣ ከእንግዲህ እጅህ ሰው ላይ ካረፈ መልቀቂያህን ይዘህ ትሄዳለህ ብለውታል። እናታቸው እዚያ ቢሮ ያፈሰሰችው እንባ ገና አልደረቀም።

አንደኛው ኤሌክትሮን ሲዞር ሲዞር በበሩ ወጥቶ እልም ይላል። ቲቸር ጠመኔያቸውን እንደያዙ ይከተሉታል። በርሜል የሚጠብቀው ይህንን ነበር።

ቡጢው በትከሻዋ ላይ አልፎ ወንድሟ አፍ ላይ ያርፋል። ከንፈሩ ይተረተራል። ክፍሉ ዴስክ እየደበደበ ይጮኻል። ጭምቷ ኒውትሮን ሁሉንም ለቃ ግድግዳ ሥር ትለጠፋለች።

«ምነው፣ እህትህ ቀሚስ ውስጥ አትገባም?» ይላል በርሜል፤ ደግሞ ይመታዋል።

የወንድሟ ልብ በሹራቡ በኩል መዳፏ ላይ ይደልቃል። የእሱም ቡጢ ተጨብጦ ወደ ኋላ ሲሳብ ታያለች። እሱ ቡጢ ከተሰነዘረ ወንድሟም አበቃለት። እሷ ግን ምንም ማስጠንቀቂያ የለባትም። እስከዛሬ ሰው መትታ አታውቅም፤ በምላሷ ካልሆነ።

«እጅህን ኪስህ ክተት» ትለዋለች ወንድሟን።

ከዚያ በርሜልን ባላት ኃይል ወደ ራሷ ስባ በቴስታ አፍንጫውን ትለዋለች። የሆነ ነገር ቀጭ ይላል። ተንገዳግዶ ሰሌዳው ሥር ዘፍ። ሊነሣ ሲል አገጩን በጉልበቷ ትደግመዋለች።

ቲቸር የጠፋውን ኤሌክትሮን ጆሮውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። ማነው የመታህ ይሉታል። በርሜል አፍንጫውን አፍኖ እሷን ያያል። ሴት መታችኝ ከሚል ቢሞት ይቀለዋል።

«እሱ» ይላል፣ ወደ ወንድሟ እየጠቆመ።

ቲቸር እጅህን አሳየኝ ይላሉ። ወንድሟ ሁለቱንም ከኪሱ ያወጣል። ንጹሕ ናቸው።

የቲቸር ዓይን ቀስ ብሎ ወደ እሷ ይዞራል። በግራ እጇ አሁንም የወንድሟን ሹራብ እንደያዘች ናት። ግንባሯ ላይ ያለው የበርሜል ደም በአፍንጫዋ ጫፍ ወርዶ ደረቷ ላይ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ ነጩን ዜሮ ከመሀሉ እየሞላው።