አናጺው የሠራው መድረክ

አናጺው ሚስቱን ይወዳታል። ችግሩ፣ እሱ ብቻ የሚወዳት አይመስለውም።

ሚስቱ የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ናት። የአዳራሹ ጣሪያ ማፍሰስ ከጀመረ ወዲህ ዘጠኝ ዓመት የተቋረጠውን የሥነ ጽሑፍ በዓል ካልመለስኩ ብላ ተነሣች። ብቻዋን ብትነሣ ባልከፋ። ጡረታ የወጣው የቋንቋ መምህር አብሯት አለ፤ ሽበቱ ያማረበት፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ሲናገር ሰው አፉን ከፍቶ የሚሰማው።

«ዛሬም ሰውየው ጋ ነሽ?»

«በዓሉ እኮ ሁለት ወር ነው የቀረው! ይልቅ መድረኩን ሥራልን።»

መድረኩን ሠራ። በየምስማሩ ላይ የመምህሩ ፊት ይታየው ነበር።

ሚስቱን አፍጥጦ መጠየቅ አሳፈረው። አባቱ ከሞተ ጀምሮ አብራቸው የምትኖረውን እናቱን ለመናት።

«እማዬ፣ ወንበር መደርደር የምታግዢ መስለሽ አብረሻት ሂጂ። ዓይንሽን ከሰውየው ላይ እንዳትነቅዪ።»

«በዚህ ዕድሜዬ ሰላይ ልታደርገኝ?» ብላ ሳቀች። ሄደች ግን።

ማታ ማታ ሲጠይቃት መልሷ አንድ ነው። «ሥራ ነው የሚሠሩት።» ውሎ አድሮ ሳይነግራት ለብሳ፣ ተጣጥባ፣ በር ላይ ሚስቱን መጠበቅ ጀመረች። እናት መቼም እናት ናት፤ ጭንቀቴ ገባት ብሎ ተጽናና።

በዓሉ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሚስቱ ቦርሳ ውስጥ በመምህሩ እጅ የተጻፈ ወረቀት አገኘ።

«በሩን ከፍተሽ ስትገቢ፣ ቀዝቃዛው ክፍል ሞቀ፤
የልቤም መዝጊያ፣ ሳይነኩት ወለቀ።»

ወስዶ ለእናቱ አሳያት። አነበበችው። ፊቷ ቀላ።

«በዓሉ እስኪያልፍ ትንፍሽ እንዳትል» አለችው።

ትንፍሽ ሳይል ሰባት ቀን ነደደ።

በበዓሉ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ። ልጆች አነበቡ፣ አሮጊቶች ተረት አወሩ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። በመጨረሻ መምህሩ መድረኩ ላይ ወጥቶ ያንኑ ግጥም አነበበ። ሚስቱ ከመድረኩ ጎን ቆማ ፈገግ ትላለች።

«ይህን የጻፍኩላት እዚሁ ናት» አለ መምህሩ። «ፈቃዷ ከሆነ፣ ቀሪ ዕድሜዬን ከእሷ ጋር መኖር እፈልጋለሁ።»

አናጺው ወንበሩን ገልብጦ ተነሣ። «የማንን ሚስት ነው የምትጠይቀው አንተ!»

ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ አየው።

«ቁጭ በል ልጄ» አለች አጠገቡ የተቀመጠችው እናቱ፤ «እኔን ነው።»