ለምን ካሜራውን አትጥለውም?

ቪዲዮው መቆም በነበረበት ቦታ አልቆመም።

አርታኢዋ እጇን ከኪቦርዱ አነሳችና ወደ ስክሪኑ ቀረብ አለች። መጋረጃው ስለተዘጋ ክፍሉ በጠራራ ፀሐይ ጨልሟል። በቪዲዮው ውስጥ ታናሽ እህቷ ካሜራውን የቀረጻው ምድር ቤት ወለል ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላለች። ይሄ የፊልሙ አካል አይደለም። ፊልሙ ሰዎቹ በሙሉ አልቀው ካሜራቸው ብቻ ተገኘ የሚባልበት ዓይነት አስፈሪ ፊልም ነው። ተዋናይዋም ካሜራ ቀራጯም ያቺው እህቷ ናት፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ የእህቷ ባል። ጠዋት የካሜራውን ሚሞሪ ካርድ እህቷ ራሷ ይዛ መጥታ፣ "ብቻሽን ሆነሽ እዪው፣ ትፈሪያለሽ" ብላ ሳቅ ብላ ነበር የሄደችው።

ስህተቱ ወዲያው ገባት። በሙያው ያለ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሠራዋል። እየቀረጸ ባለ ካሜራ ላይ የመቅረጫ ቁልፉን ደግሞ የተጫነ ሰው፣ ጀመርኩ ሲል ያቆማል፣ አቆምኩ ሲል ይጀምራል። ትወናው ሜዳ ላይ ይቀርና እረፍቱ ይቀረጻል። ቀይ መብራቱን ያየ ሰው ይነቃ ነበር፤ መስታወት ላይ ያንጸባርቃል ብሎ በጥቁር ፕላስተር ያሸፈነው ግን ዳይሬክተሩ ራሱ ነው።

"ወይ አንቺ ልጅ፣ ጉድ ሠራሽኝ!" አለች ለራሷ፣ ሳቋ እየመጣ። የጩኸቱ ትዕይንት የለም ማለት ነው። ያ በቦታው የነበሩት ሁሉ "ትወና ካሉ አይቀር እንደሷ ነው" ሲሉለት የከረሙት።

ጥንድ ጫማ ምስሉ ውስጥ ገባ። ከጉልበት በላይ ሰውየው አይታይም።

"ትናንት ለእህትሽ ምን ስትያት ነበር?" የዳይሬክተሩ ድምፅ ነው። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው።

"ምንም። ስለ ፊልሙ ነው ያወራነው።"

ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ። ምን እንዳደረጋት አይታይም፣ ጀርባው ጋርዶታል። የሚታየው እግሯ ነው፤ ወለሉን ሲቧጥጥ፣ ከዚያ ጸጥ ሲል። አልጮኸችም።

"አፍሽን ከከፈትሽ እዚሁ ነው የምቀብርሽ። ገባሽ?"

"ገብቶኛል።"

"ጎሽ። በይ አሁን ይሄን ፊትሽን ሳትቀይሪ ካሜራውን አንሺና ጩኺ።"

እጅ መጣ፣ ጠቅ አለ፣ ስክሪኑ ጨለመ።

አርታኢዋ ክው ብላ ቀረች። የዚህ ዓይነት ፊልም ጉልበቱ ከሚያሳየው ይልቅ በሚደብቀው ነው፣ ጭራቁ የታየ ዕለት ሰው ይስቃል እያለች ለዚሁ ሰውዬ ስንቴ አስተምራዋለች። ተምሯል። እሷ ግን በየበዓሉ አጠገቧ አስቀምጣው፣ እንዲህ ያለ ትሑት አማች ከየት ይገኛል ስትል ነው የኖረችው።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

"እታለም፣ እንዴት ነሽ?" አለ ዳይሬክተሩ፣ ሚስቱ እንደምትጠራት እየጠራት። እህቷ የካሜራውን መቆሚያ ተሸክማ ከኋላው ገባች። በዚህ ሙቀት እጅጌዋ እስከ ጣቶቿ ድረስ ወርዷል። "የጩኸቱን ትዕይንት አየሽው?"

"ገና ነኝ።" ትዕይንቱ የለም ብትለው፣ ሙያተኛ ነው፤ በምትኩ ምን እንደተቀረጸ ለመገመት ዓይኑን እስኪያርገበግብ እንኳ አይፈጅበትም። ከዚያ እህቷን ይዟት ይሄዳል።

እሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ጨዋታ አምሮታል። "የኛ ፊልም ድክመት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ተመልካች ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቀኝ። ጭራቅ እያሳደዳት፣ ምን ሆና ነው ካሜራውን ጥላ የማትሮጠው? ለዚህ ብቻ መልስ አጣሁለት።"

"ሌላ ምን አላት?" አለች እህቷ ከበሩ አጠገብ።

አርታኢዋ ቀና ብላ አየቻት። ይህቺ ልጅ ገና በልጅነቷ ምድጃው መጥፋቱን ተመልሳ ሳታይ ከቤት የማትወጣ ናት። ካሜራ ከያዘች ጀምሮ አንድም ቀን ቁልፍ ደግማ አታውቅም። ወለሉ ላይ ያስቀመጠችውም እንዳጋጣሚ አልነበረም፤ እሱ መጥቶ የሚቆምበትን ቦታ ለክታ ነው።

"እስቲ ተነሽ፣ እኔው ልየው" አለ ዳይሬክተሩ።

ተነሳች። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ስልኳን አንስታ ካሜራውን ከፈተችና ፊቱ ላይ ደገነችው።

"ምንድነው እሱ?"

"እየቀረጽኩህ ነው። እህቴ ዛሬ እኔ ጋ ታድራለች። ነገም፣ ከነገ ወዲያም። ነይ የኔ እናት፣ በኋላዬ ነይ።"

ሊስቅ ፈለገና ተወው። ዓይኑ ስክሪኑን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ ተመልሶ ስልኩ ላይ አረፈ። ከጠረጴዛው ወረደ።

"አስቀምጪው" አለ፣ በዚያው በሚያባብል ድምፁ።

ልትጥለውና ልትሮጥ ፈለገች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። በስልኩ መስኮት ሰውየው ይወዛወዛል፣ ግማሽ ጭንቅላቱ ከምስሉ ወጥቷል፤ ለቅንብር የማይበቃ ምስል ነው። ክንዷ እየዛለ መውረድ ጀመረ።

መቆሚያው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ከኋላዋ ቀዝቃዛ እጅ መጣ፣ እጅጌው ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ አንጓው ዙሪያውን የጠቆረ፤ ክርኗን ከሥር ደግፎ ከፍ አደረገው።