በቀኝ እጇ በኩል

ገብረሂወት ኮምፒውተሩ ላይ የከፈተው ፎቶ ላይ አፈጠጠ። ሚስቱ ደሃብ የሠራችውን ዳንቴል በሁለት እጇ ዘርግታ ይዛለች፤ ልጃቸው ሄርመላ ዌብሳይት ላይ ልታወጣላት ነው። ያለፈው ሳምንት ፎቶ ሲደበዝዝበት «እጄ ተንቀጥቅጦ ነው» ብሎ ለካሜራው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ገዝቶ ነበር። ዛሬ ካሜራውን በእጁ ጭራሽ አልነካውም፤ በራሱ እንዲያነሳ አድርጎ ዞር አለ። ግድግዳው ጥርት ብሎ ወጥቷል። በግራ እጇ በኩል የዳንቴሉ ክር ሳይቀር ይቆጠራል። በቀኝ እጇ በኩል ግን ዛሬም ደብዝዟል።

«ፎከሱ ይሆን? ወይስ ሌንሱ ቆሽሿል?»

«አባ፣ ካሜራው ኦኬ ነው» አለች ሄርመላ።

«እንግዲያው ነፋስ ገብቶ ነው» ብሎ ወደ መስኮቱ ዞረ። መስኮቱ ለብርዱ በፕላስቲክ እንደታሸገ ነበር።

«ካሜራው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» አለች ደሃብ፣ ቀኝ እጇን በግራዋ አፍና ይዛ።