እጅ የምታውቅ መኪና

የመኪና ቀለም የሰው እጅ መለየትና ደስ ሲለው መድመቅ ከጀመረ ወዲህ፣ አስራት እሁድ እሁድ ጠዋት መኪናውን በእጁ ሰም ይቀባል። በለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያለ ሲያሻት ሰማያዊው ቀለሟ ይሞቅና ወደ ወይን ጠጅ ይለወጣል። "የኔ ቆንጆ" ይላታል።

ሚስቱ ትርሲት በረንዳ ላይ ቆማ ታያለች። ማታ ወገቧን በቅባት እንዲያሽላት ስትለምነው "ደክሞኛል" ብሎ ፊቱን አዙሮ ይተኛል።

አንድ እሁድ ግን አልቻለችም። ወርዳ ጨርቁን ከእጁ ወሰደችበት።

"ተይ፣ አንቺን አታውቅሽም" አላት።

"እንግዲያው ትተዋወቀኝ!"

በሩን ማሸት ጀመረች። ቀለሙ መጀመሪያ ቀዝቅዞ ቆየ። ከዚያ ከእጇ ሥር ሞቀ፣ ቀላ፤ መኪናዋ አስራት አይቶት በማያውቀው ወርቃማ ቀለም ከዳር እስከ ዳር በራች።

የአስራት ፊት ተለዋወጠ። "በቃ! ስጪኝ!" ብሎ ጨርቁን ነጠቃት።

ትርሲት ሰም የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከተጋቡ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሲቀና ለማየት ትመኝ ነበር። ዛሬ አየችው፤ የቀናው ግን ለእሷ ብሎ አልነበረም።