መርዶ ከውድድሩ በኋላ

ስቶክሆልም ውስጥ መኪና ገና በግራ በሚነዳበት ዘመን ነው። ጋሽ ገብረ ወልድ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ሰው ሲጠይቃቸው ግን ሃምሳ ነው የሚሉት። «ስምንቱን በረዶ ላይ ጣልኩት» ይላሉ።

ደግሞ አይዋሹም። በጎረምሳነታቸው የጣርማ በርን ቁልቁለት፣ ፍሬኑ ሲያሰኘው ብቻ በሚይዝ ትሬንታ ኳትሮ ካሚዮን ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ መጥተው ሶደርማልም ላይ ጋራዥ ከከፈቱ ወዲህ፣ ፋርስታ ያለው ሐይቅ በረዶ በሠራ ቁጥር ጀርባዋ የጎበጠ ቮልቯቸውን ይዘው እሽቅድድም ነው። የመኪናዋ በር ላይ «ሶደርማን ሳሙና» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ወጪውን የሚችለው ባለ ሳሙናው ነው።

ዘንድሮ ባለ ሳሙናው ፊቱ ጠቁሯል።

«ቅዳሜ ከሦስቱ አንዱ ካልሆንክ ስሜን ከበሩ ላይ አስፍቃለሁ» አላቸው። «ሳሙና በሽበት አይሸጥም።»

«ሽበቱን ያነጣው ያንተው ሳሙና ነው እኮ!» አሉት።

ሄር ሶደርማን አልሳቀም። ጋሽ ገብረ ወልድም ለወጉ ነው የሳቁት። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያቺ መኪና ከተወሰደች ምን ይቀራቸዋል?

መኪናዋን የሚጠግንላቸው ዘገየ ነው። አንድ እናቱን አገር ቤት ትቶ የመጣ የምህንድስና ተማሪ ነው፤ ከክፍል እንደወጣ ቱታውን ለብሶ እሷ ሥር ይገባል። ማክሰኞ ዕለት ሮማነወርቅ መጥታ ከጋራዡ ጀርባ ጠራችው። ነርስነት የምትማር፣ የሐበሻውን ሁሉ ጉዳይ የምትይዝ ልጅ ናት።

«የጋሼ እኅት፣ እትዬ ወርቅውሃ... አርፈዋል» አለችው። «ከአገር ቤት የመጣ ሰው ነው የነገረን።»

«ውይ! ውይ!»

«ቀስ በል፣ ይሰሙሃል! ትልልቆቹ እሑድ ንጋት ላይ እናርዳቸው ብለዋል። ከውድድሩ በፊት ከሰሙ መሪ አይጨብጡም። ሳሙናውም ይሄዳል፣ እሳቸውም ያልቃሉ። አንተ ፊትህን ጠብቅ።»

«ፊቴ ምን አደረገ?»

«ሬዲዮ ነዋ፣ ሁሉን ይናገራል። ፈተናህ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ዓርብ።»

«ጥሩ» አለች። ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሣችም።

ከዚያ ወዲያ ዘገየ ሥራው ፊት መጠበቅ ሆነ። ስልክ በጮኸ ቁጥር፣ አንዱ አፉ የማያርፍ «እግዚአብሔር ያጥናዎት» እንዳይላቸው ብሎ ቀድሞ ለማንሣት ይሮጣል። የሚገርመው እሳቸውም ይሮጣሉ። አንድ ቀን በር ላይ ተጋጭተው ሁለቱም ዘፍ አሉ፤ ስልኩም ጮኾ ጮኾ ዝም አለ።

«ምን ያስሮጥሃል፣ አንተ? ሚስት አጭተሃል እንዴ?»

«እርስዎስ ምን ያስሮጥዎታል?»

«እኔማ ሯጭ ነኝ!»

ሽማግሌው ሳይሸታቸው አልቀረም፣ አለ ዘገየ በልቡ። ሥራቸውን ትተው ትክ ብለው ያዩታል። ምሳ ላይ ትልቁን ሥጋ ወደሱ ይገፋሉ።

«ብላ እንጂ! ባዶ ሆድ ነገር አይችልም።»

«የምን ነገር?»

«የዚህ አገር ብርድ ነዋ!»

ዓርብ ከፈተናው ወጥቶ ሐይቁ ላይ ሲደርስ ጋሽ ገብረ ወልድ ልምምድ ላይ ናቸው። ማዶ፣ መጠምዘዣው ጋ፣ አንዲት ሴት ቆማለች። በዚያ አጥንት በሚሰብር ብርድ ነጠላ ብቻ ነው የለበሰችው፤ ፊቷ ከሩቅ አይለይም። መኪናዋ በአጠገቧ ተጥመልምላ ስታልፍ በረዶው እንደ ጤፍ ገለባ ተበተነ፤ የሴትየዋ ነጠላ ግን ንቅንቅ አላለም።

የዘገየ ጠጉር ቆመ። እትዬ ወርቅውሃን አይቷቸው አያውቅም፤ ግን ሌላ ማን ልትሆን? ሴትየዋ መኪናዋን አትመለከትም። እሱን ነው የምታየው። ዝም እንድል ልትለምነኝ ነው፣ አለና አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣት። ቀና ሲል የለችም።

«መጠምዘዣው ጋ ሰው አላዩም?» አላቸው ሲመለሱ።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ተዉት፣ ዓይኔ ነው።»

ጋሽ ገብረ ወልድ አልቀለዱም። የራሳቸውን ካፖርት አውልቀው ትከሻው ላይ ጣል አደረጉለት።

ቅዳሜ ሐይቁ በሰው ተሞላ። ሴትየዋም መጣች፤ እዚያው ቦታዋ። ዘገየ «እባክሽ እትዬ፣ እንዳያዩሽ፣ እስኪጨርሱ ብቻ» እያለ በሆዱ ሲማጸን መኪኖቹ ተለቀቁ። ጋሽ ገብረ ወልድ በመጨረሻው ዙር ተንሸራተው ከመስመር ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም። ግን የጣርማ በር ሰው ናቸዋ! ቀጥ አድርገው መለሷትና ሦስተኛ ገቡ።

ሄር ሶደርማን እየሮጠ መጣ። «አንድ ዓመት! ስሜ በሩ ላይ ይቆያል!» ብሎ አቀፋቸው። ቀጥሎ ወደ ዘገየ ዞረና ኮፍያውን አውልቆ እጁን ጨበጠው፤ ቶሎም አልለቀቀውም። ይኼም ሰምቷል ማለት ነው፣ አለ ዘገየ። ፈረንጅም ምሥጢር ይይዛል ለካ።

እሑድ ንጋት ላይ ትልልቆቹ በጋሽ ገብረ ወልድ ደረጃ ሥር ተሰበሰቡ። የሁሉም ታላቅ ዶክተር ወልደ አማኑኤል የዘገየን ክንድ ያዙ።

«አንተ ጉልበት አለህ። ከአጠገባቸው ቁም።»

«ራሳቸውን እንዳይጥሉ እኔ እይዛቸዋለሁ፣ አይስጉ።»

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። ጋሽ ገብረ ወልድ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ቆመዋል። ዘገየ ሰው ሁሉ ሳይቀመጥ ፈጥኖ ሄደና ክንዳቸውን ጭብጥ አደረገ። እንባው ቀደመው። ሮማነወርቅም ከኋላው ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ጋሼ፣ ይበርቱ» አለ ዘገየ።

«እኅቴ ደኅና ናት፣ ልጄ» አሉት፣ በሁለት እጃቸው ጥርቅም አድርገው እየያዙት፤ «ሰዎቹ የመጡት ላንተ ነው።»