ለፋሲካ የተሰፋው ቀሚስ

በለጡ ቀሚሱን ከስፌት መኪናው ላይ አንስታ ዘረጋችው። ጀጎል ግንብ ውስጥ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ከለገሱት ቁርጥራጭ የተሰፋ ነበር። ከግንቡ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ባለችው ክፍል ተፈናቃይ ሴቶችን ስፌት ማስተማር ከጀመረች ወዲህ እንዲህ ያለ እጅ አላየችም። ግን ቀሚሱ አጭር ነበር።

"ልጅሽ ቁመቷ ምን ያህል ነው?" አለቻት ቀሚሱን የሰፋችውን ተማሪዋን።

ወጣቷ እናት መዳፏን ወገቧ ላይ አሳረፈች። "ስንሸሽ የጠፋችኝ ዕለት እዚህ ጋ ነበረች።"

"እሱማ ሦስት ዓመት አለፈው። አሁን እኮ አድጋለች።"

"እትዬ፣ እኔ የማውቃት እንዲህ ሆና ነው።" ቀሚሱን ተቀብላ ደረቷ ላይ አቀፈችው። "ካስረዘምኩት የማላውቃት ልጅ ልብስ ይሆንብኛል።"

በለጡ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች፤ ግን አልለካችበትም። በርጩማ ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እኔም በልጅነቴ በሽሽት ከእናቴ ተለይቼ መጠለያ ውስጥ ነው ያደግኩት። አድጌ ስንገናኝ በየፋሲካው የሰፋችልኝን ቀሚሶች ከሣጥን አወጣችልኝ። አንዱም ልኬ አልነበረም። ግን እያንዳንዱ ካለፈው ዓመት ይረዝም ነበር። በሌለሁበት ስታሳድገኝ ኖራለች።"

ወጣቷ እናት ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አየችው። ከዚያ ብድግ አለችና መዳፏን እንደገና ወገቧ ላይ አደረገች። እጇ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤ ደረቷ ጋ ሲደርስ ጭንቅላት እንደሚዳብስ ሁሉ ቆመ።

"እዚህ ጋ ትደርስ ይሆን?" አለች።

በለጡ ተንበረከከችና ከመዳፏ እስከ ወለሉ ያለውን ባዶ ቦታ ለካችው።